ፓውሎ ፉትሬ እና የክለብ ፕሬዚዳንቶቹ

ስለ ፓውሎ ፉትሬ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ጉልበቱ ነው። «ባይጎዳ ኖሮ የት በደረሰ!» የሚለው ቁጭት የተጫዋችነት ዘመኑን ሁሉ ጠቅልሎ የያዘ እስኪመስል ይደጋገማል። ቁጭቱ መሠረት አለው፤ ነገር ግን ሌላውን ግማሽ ታሪክ ይሸፍናል። የሞንቲጆው ግራኝ የክንፍ ተጫዋች ከልጅነቱ ጀምሮ የክለብ ፕሬዚዳንቶች ሲሻሙበት፣ አንዳንዴም ሥልጣን ሲይዙበት የኖረ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስፖርቲንግ ሊዝበን ነው። ፉትሬ በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ገና በ17 ዓመቱ ለፖርቱጋል ዋናው ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በቀጣዩ ዓመት በደመወዝ ጉዳይ ከክለቡ ጋር ሳይስማማ ቀረና ፖርቶ ወሰደው። የፖርቶው ፕሬዚዳንት ፒንቶ ዳ ኮስታ የሊዝበን ክለቦችን የበላይነት ለመስበር ቆርጠው የተነሱ ሰው ነበሩ፤ የተቀናቃኝን ልጅ ነጥቆ መውሰድ በራሱ ለእሳቸው ድል ነበር።

ትልቁ ድል ሜይ 27 ቀን 1987 ቪየና ላይ መጣ። በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ባየር ሙኒክ በሉድቪግ ኮግል ጎል ሲመራ ቆይቶ፣ አልጄሪያዊው ራባህ ማጀር በተረከዙ፣ ብራዚላዊው ጁዋሪ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አስቆጥረው ዋንጫው የፖርቶ ሆነ። ሁሉም የሚያስታውሰው የማጀርን ተረከዝ ነው፤ ይገባዋልም። ጨዋታውን ደግሞ የሚያይ ሰው ግን ዓይኑ ጎል ባልሆነ ሙከራ ላይ ይቆያል፦ የ21 ዓመቱ ፉትሬ በአብዶ ተከላካዮቹን እያለፈ ሳጥን ውስጥ ገብቶ የመታት ኳስ ለጥቂት ወደ ውጭ ወጣች። ጎልን ብቻ የሚቆጥር ሚዛን ይህን ተጫዋች ሊመዝነው አይችልም። በዚያው ዓመት የባሎንዶር መራጮች ሩድ ጉሊትን በ106 ነጥብ አንደኛ ሲያደርጉ ፉትሬን በ91 አስከተሉት።

ከቪየና በኋላ ብዙ ሳምንታት ሳይቆጠሩ አትሌቲኮ ማድሪድ ፕሬዚዳንቱን ሊመርጥ ተዘጋጀ። ዕጩው ኼሱስ ጊል ፉትሬን ማድሪድ ድረስ አምጥተው ዳንስ ቤት ውስጥ ለደጋፊዎች አሳዩና አሸነፉ። ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ በ2000 ሌላውን ፖርቱጋላዊ የክንፍ ተጫዋች ሉዊስ ፊጎን ከባርሴሎና ለማምጣት ቃል ገብተው የሪያል ማድሪድን ምርጫ ሲያሸንፉ፣ መንገዱ ከ13 ዓመት በፊት ተጠርጎላቸው ነበር።

ጊል አሠልጣኝ ማባረር የማይሰለቻቸው ሰው ነበሩ። እንዲህ በሚታመስ ክለብ ውስጥ ፉትሬ የላሊጋ ዋንጫ ባያነሳ አይገርምም፤ የሚገርመው ለዓመታት መጽናቱ ነው። በ1991 የንጉሡን ዋንጫ ወሰደ። በ1992 ደግሞ በዚሁ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በሉዊስ አራጎኔስ እየሠለጠኑ፣ በርናቤው ላይ፣ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 0 አሸነፉ። የመጀመሪያውን ጎል በርንድ ሹስተር፣ ሁለተኛውን ፉትሬ አገቡ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቶሎ ይነገራል። በ1993 ብቻ ቤንፊካ፣ ማርሴይ እና ሬጂያና ተቀባበሉት። ለሬጂያና በመጀመሪያ ጨዋታው ክሬሞኔዜ ላይ ጎል አገባ፤ በዚያው ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ። ሚላን ሻምፒዮን በሆነበት 1995/96 የተሰለፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ሲሆን ተጋጣሚው አሁንም ክሬሞኔዜ ነበር። ዌስትሃም ውስጥ ደግሞ 10 ቁጥር ማሊያ ካልተሰጠኝ አልጫወትም ብሎ አስቸገረ።

ለአገሩ 41 ጊዜ ተሰልፎ 6 ጎል አስቆጠረ። ቁጥሩ የሚያንሰው የተሳተፈበት ብቸኛው ትልቅ ውድድር የ1986ቱ የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ስለሆነም ጭምር ነው፤ እሱም ተጫዋቾቹ ከፌዴሬሽኑ ጋር በገንዘብ ተጣልተው ልምምድ ባቆሙበት ውዝግብ ተበላሽቶ ከምድቡ ሳያልፉ ተመለሱ።

በ2011 ስፖርቲንግ ፕሬዚዳንቱን ሲመርጥ ፉትሬ ከዕጩው ዲያሽ ፌሬይራ ጎን ቆሞ ታየ፤ በዚህ ጊዜ ተስፋ ሰጪው እሱ ነበር። በጋዜጣዊ መግለጫው የቻይናን ምርጥ ተጫዋች እንደሚያመጣና ከቻይና ቱሪስት የጫኑ አውሮፕላኖች እንደሚከተሉ አብራራ። ዲያሽ ፌሬይራ ተሸነፉ። መግለጫው ግን ፖርቱጋል ውስጥ ከምርጫው ውጤት በላይ ተወራለት።