«ቢሃይንድ ዘ ክላውድ» እና የሶፍትዌር ኪራይ ንግድ፤ ከተከራዩ ወገን የተደረገ ንባብ

ማርክ ቤኒዮፍ ከካርላይ አድለር ጋር ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው «ቢሃይንድ ዘ ክላውድ» የተሰኘው መጽሐፍ፥ ሴልስፎርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ መኖሪያ ቤት ተጀምሮ፥ በአሥር ዓመት ውስጥ የዓመት ገቢው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የደረሰበትን መንገድ ይተርካል። የተጻፈው ለነጋዴ ነው። ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውንና ደብዳቤአቸውን በዚሁ ዓይነት የኪራይ ውል መያዝ ስለ ጀመሩ፥ መምህራንና የፕላን ባለሙያዎች መጽሐፉን በተከራይ ዓይን ቢያነቡት ይጠቀማሉ ብለን እናምናለን።

ቀድሞ ሶፍትዌር የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ፈቃዱን በአንድ ጊዜ ከፍተኛ ዋጋ ገዝቶ በራሱ ኮምፒዩተሮች ላይ ይጭን ነበር። ሴልስፎርስ ግን ፕሮግራሙን በራሱ መሣሪያዎች ላይ አኑሮ፥ በኢንተርኔት ለሚጠቀምበት ለእያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያ በወር 50 ዶላር ያስከፍል ጀመር። ሻጩ ሰንጋ ሸጦ ገንዘቡን የሚቆጥር መሆኑ ቀርቶ፥ ጥገት ይዞ በየዕለቱ የሚያልብ ሆነ ማለት ነው።

ደራሲው እጅግ የሚደሰቱበት ምዕራፍ የማስታወቂያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተፎካካሪያቸው የሲብል ሲስተምስ ጉባኤ በሚካሄድበት ሥፍራ፥ የተቀጠሩ ተዋንያን ሰላማዊ ሰልፈኛ መስለው «ሶፍትዌር አበቃለት» እያሉ እንዲጮኹ አድርገዋል። ቀልዱ ያስቃል፤ ቃሉ ግን አሳሳች ነው። ሴልስፎርስ የሚያከራየው ያው ሶፍትዌር ነበርና፥ ያበቃው ሶፍትዌሩ ሳይሆን የገዢው ባለቤትነት ነው። ለትምህርት ሰዎች የስያሜ ነገር ቀላል ስላልሆነ ይህን ማለፍ አልፈለግንም።

የንግዱ ዕድገት ምሥጢር ከሰልፉ ይልቅ በሒሳቡ ውስጥ ይገኛል። አንድ ኩባንያ 1,000 ተከራዮች ቢኖሩትና በየወሩ ከመቶ ሦስቱ ቢለቁበት፥ በዓመቱ መጨረሻ የሚቀሩለት 694 ያህል ብቻ ናቸው፤ የሚለቁት ከመቶ አንድ ቢሆኑ ግን 886 ያህል ይቀሩለታል። ተከራይን ለማግኘት የሚወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ስለሚከፈልና ኪራዩ ጥቂት በጥቂት ስለሚሰበሰብ፥ የቶሎ ለቃቂ ብዛት ኩባንያውን ያከስረዋል። እንግዲህ ሻጩ ዘወትር የሚጨነቀው ተከራዩ እንዳይለቅ ነው። ይህ ጭንቀት ወደ መልካም አገልግሎት ሊመራው ይችላል፤ መውጫውን ወደ ማጥበብም ሊመራው ይችላል። ሴልስፎርስ ራሱ የኢንተርኔት ንግድ ሲንኮታኮት ገንዘብ አጥሮት፥ ያለ ውል በየወሩ ማከራየቱን ትቶ የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ወደ መቀበል መዞሩን ደራሲው ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ከመጽሐፉ እጅግ የሚያስተምረው ክፍል ይኸው ነው እንላለን።

መጽሐፉ 111 ምክሮችን በዘጠኝ ክፍሎች ይዟል። ስለ ሽያጭ፥ ስለ ፋይናንስ፥ ከአክሲዮን፥ ከምርትና ከሠራተኛ ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ ለበጎ አድራጎት ስለ መስጠትም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ተከራዩ መዝገቡን ይዞ እንዴት እንደሚወጣ ግን ከዘጠኙ አንዱም አልተመደበለትም። ከሻጭ ይህን መጠበቅ የዋህነት ነው ይባል ይሆናል፤ እንግዲያስ ማሰቡ የተከራዩ ድርሻ ነው።

የትምህርት ቤቶችን ዕጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለትምህርት ተቋማት አገልግሎቱን በነጻ ሲሰጥ ከቆየና የማከማቻው መጠን ያልተገደበ ከሆነ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2021 ገደብ እንደሚያደርግ አስታወቀ፤ ከ2022 አንሥቶም አንድ ተቋም በጋራ የሚጠቀምበት መነሻ 100 ቴራባይት ሆነ። ለትንሽ ትምህርት ቤት ይህ ብዙ ነው። ለዓመታት ምርምርና ቪዲዮ ያከማቹ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ግን መሰረዝ፥ መክፈል ወይም ማዛወር ግድ ሆነባቸው።

በአገራችን ደግሞ የምንዛሪው ነገር ይጨመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተዋዋለ መሥሪያ ቤት 2,850 ብር ይከፍልበት የነበረው የ50 ዶላር ኪራይ፥ ሻጩ ዋጋ ሳይጨምር ከ5,000 ብር በላይ ሆነበት ማለት ነው። የተገዛ ፕሮግራም በዚህ ጊዜ ባለበት ይሠራል፤ የተከራዩት ግን ክፍያው ሲቋረጥ ይዘጋል።

ከዚህ የተነሣ የፕላን ባለሙያው ከመፈረሙ በፊት ሻጩን ሊጠይቅ የሚገባው፥ ውሉ ሲያበቃ የተማሪው መዝገብ በምን ዓይነት ፋይልና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስለት፥ ዋጋውም ለስንት ዓመትና በምን ገንዘብ እንደተወሰነ ነው፤ መልሱም በቃል ሳይሆን በውሉ አንቀጽ ይጻፍ።