የሞለኪውል ወንፊትና የሲሊካ «ጉዳት አልባነት»፦ ሂሳዊ ቅኝት

እ.ኤ.አ. በ1992 የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች ኤም.ሲ.ኤም-41 የተባለውን ሜሶፖረስ ሲሊካ ካስተዋወቁ ወዲህ ስለዚህ «የሞለኪውል ወንፊት» እጅግ ብዙ ተጽፏል። መድኃኒት ስለ መሸከም በሚያወሱት ጽሑፎች መግቢያ ላይ ግን ደጋግሞ የሚገኝ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም ሲሊካ ለሰውነት ጉዳት የለውም የሚለው ነው። ይህ አባባል ስሙን ከድንጋይ ባገኘው በሰላ ድንጋይም ሆነ በሌላው የሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ያለ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰርፋክታንት የተባለ ሳሙና መሰል ውህድ በውኃ ውስጥ በዘንግ መልክ ይደራጃል፤ የሲሊካ ምንጭ ሲጨመር በዚያ ቅርጽ ዙሪያ ይረጋል። ከዚያም በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ሰርፋክታንቱ ወጥቶ እኩል ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ይቀራሉ። የሜሶፖር ስፋት ከ2 እስከ 50 ናኖሜትር ሲሆን፣ የአንድ ግራም ገጽ ስፋት 1000 ካሬ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። በ1998 የቀረበው ኤስ.ቢ.ኤ-15 ደግሞ ቀዳዳው ሰፊ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። በ2001 የስፔን ተመራማሪዎች አይቡፕሮፌንን በኤም.ሲ.ኤም-41 ውስጥ አስገብተው ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ማድረጋቸው የሕክምናውን ተስፋ አሳድጎታል።

የጽሑፎቹ ድክመት «ሲሊካ» የሚለውን ስም እንደ አንድ ነገር መቁጠራቸው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1997 በሥራ ቦታ በትንፋሽ የሚገባውን ክሪስታላዊ ሲሊካ ካንሰር አምጪ ሲለው፣ ክሪስታል ያልሆነውን ግን በዚያ ምድብ አላስገባውም። የሜሶፖረስ ሲሊካ ግድግዳ ከሁለተኛው ወገን በመሆኑ ደራሲዎቹ በዚህ በኩል ትክክል ናቸው። ይሁንና በ2008 በወጣ የአይጥ ጥናት ከቆዳ ሥር ሲሰጥ የተሻለ ተስማሚነት ያሳየው ይኸው ቁስ በደም ሥርና በሆድ ዕቃ ውስጥ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ለሞት ዳርጓል። ስለዚህ የመግቢያው መንገድና መጠኑ ሳይነገር «ጉዳት የለውም» ማለት ሳይንሳዊ ፍርድ አይሆንም።

ፖዶኮኒዮሲስ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጋቸው ጥናቶች በባዶ እግር በሚሄዱ ሕሙማን የሊምፍ ዕጢ ውስጥ የሲሊካና የአሉሚኖሲሊኬት ብናኝ አግኝቷል። በ2012 ደግሞ የሰውየው የዘር ውርስ ለበሽታው እንደሚያጋልጥ በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ታይቷል። አፈሩ አንድ ሆኖ ሳለ የሚታመመው ሁሉም አይደለም ማለት ነው። ብናኙ በሽታውን የሚያመጣበት ሂደት ገና ተጠርቶ አላለቀም፤ የተፈጥሮ አፈርም የቤተ ሙከራ ቅንጣት አይደለም። በመሆኑም ከዚህ ተነሥቶ ሜሶፖረስ ሲሊካን መኮነን ሌላ ስሕተት ይሆናል። የሚያስተምረው ግን የቅንጣቱ ዓይነት፣ የገባበት መንገድና የተቀባዩ ሰው ተፈጥሮ ተለይተው መመዘን እንዳለባቸው ነው።

ከሰውነት ውጭ ለሚደረግ አገልግሎት ፍርዱ ሊቀልል ይችላል። በ2013 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስፔን ተመራማሪዎች፣ የሜሶፖረስ ሲሊካ ዘመድ በሆነው የኢትዮጵያ ተፈጥሯዊ ዜኦላይት ፍሎራይድን ከመጠጥ ውኃ ስለ ማስወገድ ያሳተሙት ሥራ ከአገሩ ችግር የተነሣ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። በሰውነት ውስጥ ለመጠቀም ግን ደራሲዎች ሦስት ነገር ሊያሳዩ ግድ ነው፤ የቀረው ሰርፋክታንት ስንት እንደሆነ፣ ቅንጣቱ ከሰውነት በምን እንደሚወጣ፣ ተደጋግሞ ሲሰጥ ምን እንደሚያስከትል።

እስከዚያው ድረስ እግሩ ያበጠበትን ገበሬ የሚጠቅመው የታወቀው እንክብካቤ ነው። በ2018 በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ የሙከራ ጥናት ውጤት ሲታተም፣ እግርን በሳሙናና በውኃ ማጠብን፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማን ያካተተ ቀላል እንክብካቤ የበሽታውን ድንገተኛ ሕመም እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። አዲሱ ወንፊት ወደ ሰው ሕክምና ከመግባቱ በፊት በዚህ ዓይነት ጥናት ሊፈተን ይገባል።