ስለ ገድል አነባበብና ስለ ፈተና

ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ሲደርስ የእስጢፋኖስን ገዳም ያገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩት በዚህ ስፍራ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በእርሳቸው ዘንድ እንደ ተማሩ ይተረካል። ወጣት አንባቢ የእነዚህን አባቶች ገድል ሲያነብ ግን አንድ ነገር የሚስት ይመስለኛል፤ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የጸሐፊዎቹም አለበት።

ገድል ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ጻድቁ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነውና ድሉን አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ ሰይጣን በዘንዶ ወይም በአውሬ መልክ ይመጣል፤ ጻድቁ ያማትባል፤ ጠላት እንደ ጢስ ይበናል፤ ነገሩም በአንድ ገጽ ያልቃል። ይህ ለሚያደንቅ ሰው ያማረ ነው፤ ለሚፈተን ሰው ግን ይጎድለዋል። በመርሳ ገበያ ሚዛን የያዘ ልጅ፣ ወይም ጉቦ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚቀርብለት የቢሮ ጸሐፊ፣ ፈተናው የሚመጣበት በሚያውቀው ሰው ፈገግታ ነው። ጸልዮ ምኞቱ ሳይበንለት የቀረ እንደ ሆነ «ጸሎቴ አልተሰማም» ብሎ ይተወዋል። ገድል በክፉ ሲነበብ ሰውን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ወንጌል በዚህ ነገር ከገድላቱ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጌታውን ሦስት ጊዜ ከመካዱ በፊት፣ በዚያው ሌሊት በጌቴሴማኒ እንዲተጋና እንዲጸልይ ታዝዞ ሳለ ተኝቶ ነበር። ወንጌላዊው ሁለቱን ነገር አቀራርቦ አኖረ እንጂ ምክንያቱን አልሰበከም። አንባቢ ግን ሰዓቱን ይቁጠር፤ ገረዲቱ ስትጠይቀው የጸሎቱ ጊዜ አልፎ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት መደንገጓም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ፈተና በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ አይታወቅምና።

ስለ አባ ኢየሱስ ሞዐም ቢሆን ከተአምራቱ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ነው። እርሳቸው በደብረ ዳሞ ሳሉ መጻሕፍት ይጽፉ ነበር። ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚጽፍ ሰው እንቅልፍና መሰልቸት ምን እንደ ሆኑ ያውቃል። ገድል ጸሐፊው እንዲህ ካለው ኑሮ አንዱን ቀን ብቻ ከነድካሙ ዘርዝሮ ጽፎልን ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሚዛን የያዘው ልጅ ከአሥር የዘንዶ ታሪክ ይልቅ በተጠቀመበት ነበር።