የገበያና የማጀት ውሎ በምን ይመዘናል?

በወደብ ከተሞች ከመርከብ የወረዱ እንግዶች በእግራቸው ገበያ ዞረው፣ ምግብ አብስለውና በልተው መርከቡ ሳይነሣ ይመለሳሉ። ምዕራብ ጎጃም ባሕር ባይኖረውም ለእንዲህ ያለ ጉብኝት የሚሆን ገበያም ማጀትም አለው። ሆኖም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገደኛ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ብዙውን ጊዜ የሚያውቃቸው በምሳ ሰዓት ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት ደግሞ እንግዳውን አርቆታል። ሰላም ወርዶ እንግዳ ሲመለስ ሥራውን ከልባቸው የያዙትን አስጎብኚዎችና የማጀት ባለሙያዎች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ዋናው መለኪያ እንግዳው በእጁ ምን ሠራ የሚለው ነው።

ገበያውን በበርበሬ ፈትኑት። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወንበርማ በበርበሬ የታወቁ ወረዳዎች ናቸው። አስጎብኚው እንግዳውን ከቀዩ ክምር ፊት አቁሞ ፎቶ አንሥቶት ካለፈ ምንም አላሳየውም። ሥራውን የሚያውቅ አስጎብኚ ሻጯን አስፈቅዶ ዛላውን ለእንግዳው ያስይዘዋል። በደንብ የደረቀ ዛላ ሲነቀንቁት ፍሬው ይንኳኳል፣ ሲያጥፉት ይሰበራል። ልፍስፍስ ካለ እርጥበት አለው፤ ሚዛን እንዲደፋ ውኃ ተረጭቶበትም ይሆናል። ተሰንጥቆ ሲታይ ውስጡ ከሻገተ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር አይገዛም፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ወጥ ስለተቁላላ አይጠፋምና። በዕለቱ የተገዛው ዛላ ለዕለቱ ወጥ እንደማይደርስም አስጎብኚው መናገር አለበት፤ ገና ይቀነጠሳል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ቅመም ገብቶበት ይፈጫል።

ማጀት ስትገቡ መጀመሪያ የቡኮውን ዕቃ ቁጠሩ። የጤፍ ዱቄት በውኃና በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ላዩ ላይ ያቀረረው ውኃ ተደፍቶ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ ይህን ሁሉ ሊጠብቅ አይችልም። አሳቢ ባለሙያ ታዲያ ሦስት ዕቃ ታሰናዳለች፦ ዛሬ የሚቦካ፣ ትናንት የተቦካና ለምጣድ የደረሰ። እንግዳው የመጀመሪያውን ያቦካል፣ ሁለተኛውን ከፍቶ ያሸታል፣ ከሦስተኛው ይጋግራል። የደረሰ ሊጥ ብቻ ቀርቦ «ጋግሩ» ከተባለ የሥራው ትልቁ ክፍል ተሰውሯል።

ምጣዱ ጋ የባለሙያዋን ትዕግሥት እዩ። ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳ ሙቀቱን በማሟሻ ትለካለች። እንግዳውን የምታስጀምረው ለልጆች በሚጋገረው በትንሹ እንጎቻ ነው፤ እጁ ሲላመድ ሙሉውን ከዳር ወደ መሐል እያዞረ እንዲያፈስ ትፈቅድለታለች፣ ዐይኑ ሲወጣም አክንባሎውን ራሱ ይከድናል። ምጣዱ ካልጋለ ዐይን አይወጣም፤ ሊጡ ከወፈረ ይደፈናል። ጥፋቱን ነግራ እንደገና ካስሞከረችው አስተምራዋለች። የእሱን ወደ ጎን አድርጋ የራሷን ብቻ በመሶብ ካቀረበች ግን እንግዳው ሲያይ ብቻ ውሏል። አንድ ምጣድ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ሃያ ሰው ይዞ የሚመጣ አስጎብኚ ብዙዎቹን ቆመው እንዲውሉ ፈርዶባቸዋል።

ማዕዱ ከቀኑ ጋር ይስማማ እንደሆነም ተመልከቱ። ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ረቡዕና ዓርብ በጾመኛ ቤት የሚቀርበው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በዘይት ተሠርቶ ነው። ቀኑን ሳይመለከት ለእንግዳው ሲል ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ የሚያሠራ ሰው የአገሩን ማዕድ አላሳየም።

የጥያቄውንም አቅጣጫ አስተውሉ። እንግዳው ስለ ሊጡ ሲጠይቅ አስጎብኚው ለባለሙያዋ ተርጉሞ መልሱን ከእሷ አፍ ማሰማት አለበት። እሱ በእሷ ፈንታ ከመለሰ በገዛ ቤቷ ባለሙያነቷን ነጥቋታል። ክፍያውም እንደዚሁ ነው፤ አስተማሪ ናትና የአስተማሪ ዋጋ ይገባታል፤ ስንት እንደሚደርሳት መጠየቅ ነውር የለበትም።

የመጨረሻው መለኪያ የምሳ ሰዓት ነው። ባለሙያዋ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጣ እነሱ የጋገሩትን እንጀራ አብራ ከበላች ሥራው ለዓይን ብቻ እንዳልተሠራ እወቁ፤ ለወዳጆቻችሁም ያለ ስጋት ጠቁሙት።