ጆሮን ዘግቶ መስማት

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ "ሒሳብ!" ይላል፤ መስኮቱ ጋ የተቀመጠች ልጅ አትሰማም። "እህት፣ ሒሳብ!" ይደግማል፤ ዝም። ለካ ጆሮዋ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ወትፋለች። በመጨረሻ ከጎኗ የነበሩ አንድ አባት በክርናቸው ነካ አደረጓት። ልጅቷ ደንገጥ ብላ ከፈለችና ባቄላዋን መልሳ ወተፈች።

አባት ግን በዚህ አልተዉዋትም። "ይኸው ነው የዘመኑ ሰው!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ጆሮውን ደፍኖ ብቻውን ይስቃል፣ ብቻውን ያለቅሳል። ጎረቤቱ ቢሞት አይሰማም።" ታክሲው በሙሉ "እውነት ነው" አለ። እኔም "እውነት ነው" ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ከወረድኩ በኋላ ግን ያቺ "እውነት ነው" ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረችብኝ። ምክንያቱም እኔ ራሴ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጆሮ ደፋኝ ነበርኩ። ከእኔም ብሳ እናቴ ጆሮ ደፋኝ ነበረች። የእሷን ነገር ሳልናገር ከታክሲው ሰው ጋር ራሴን መነቅነቄ እናቴን እንደ መካድ ሆኖ ተሰማኝ። እናላችሁ፣ ዛሬ ስለ ዎክማን ነው የማወራችሁ።

ለማያውቃት ወጣት አንባቢ ያህል፣ ዎክማን ማለት ከካሴቱ እምብዛም የማትበልጥ፣ ድምፅ ማጉያ የሌላት፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ማጫወቻ ናት። ሙዚቃው በሽቦ ወደ ጆሮ ይሄዳል፤ ሌላ መውጫ የለውም። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያዋን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1979፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ዋጋዋ 33,000 የን፤ ድምፅ አትቀዳም። "የማይቀዳ ቴፕ ማን ይገዛል?" የሚል ጥርጣሬ በኩባንያው ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ነበረ። መጀመሪያ የተሠሩት 30,000 ግን በሁለት ወር ውስጥ አለቁ። ኩባንያው ባለ ካሴቷን ዎክማን በጃፓን መሥራት እስካቆመበት እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ 200 ሚሊዮን ገደማ ተሽጧል።

ልብ በሉልኝ፤ የታክሲው አባት ወቀሳ አዲስ አይደለም። ከዕቃዋ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የሶኒ መሥራች ከሆኑት አንዱ አኪዮ ሞሪታ "ሜድ ኢን ጃፓን" በተባለው መጽሐፉ እንዳወጋው፣ የሙከራዋን ዕቃ ቤቱ ወስዶ ሲያዳምጥባት ባለቤቱ ቅር አላት። አጠገቧ ተቀምጦ በር የዘጋባት ያህል ተሰማት። ሰውየውም ብቻ መስማት ነውር ነው ብሎ ሰጋ። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ዎክማን ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ ተበጀላት። አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረቻት፤ እሷን ስትጫኑ ሙዚቃው ዝቅ ይልና ከጎናችሁ ያለው ሰው ሲናገር በትንሽ ማይክሮፎን በኩል ይሰማችኋል። ገዢው ግን ዕቃዋን የግሉ አድርጎ ያዛት። ብርቱካናማዋም ቁልፍ በኋላ በመጡት ሞዴሎች ቀረች። ነውሩን የፈራው ሻጩ ነበር፤ ገዢው አልፈራም።

ወደ እኛ ቤት የመጣችው በ1982 ዓ.ም. ነው። ሮም ሰው ቤት ትሠራ የነበረችው ታላቅ እህቴ በሰው እጅ ላከችልኝ። በነገራችን ላይ የእኔዋ የሶኒ አልነበረችም። የፋብሪካዋን ስም አላነሳም፤ ዛሬ ልወቅሳት ስለሆነ በሌለችበት ማማት ይሆንብኛል። ያኔ ግን ማንም ይሥራት ማን፣ ሁሉም ዎክማን ነበር የሚባለው።

ከወቀሳው ልጀምር። ዎክማን ድንጋይ ትበላለች። ሌላ ቃል የለኝም፣ ትበላለች! ለዳቦ የተሰጠኝ፣ ለአውቶቡስ የተሰጠኝ፣ ከአጎቴ እጅ በዓል በመጣ ቁጥር የማገኘው ሁሉ ወደ ድንጋይ ሄዷል። ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ዘፋኙም አብሮ ይደክማል። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ እየጎተተ፣ እየወፈረ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ሲሆን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ያኔ ድንጋዩን አውጥቼ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። አልሆን ሲል በጥርሴ ነክሼ እመልሰዋለሁ። (ልጆች፣ እባካችሁ አትሞክሩት።) ንክሻው አንድ ሁለት ዘፈን ያህል ዕድሜ ይቀጥልላት ነበር፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ካሴት ወደ ኋላ መመለስማ በዎክማኗ የሚታሰብ አይደለም፣ ድንጋይ ይጨርሳል። በእስክሪብቶ ነው የምናጠነጥነው። በትምህርት ቤት ዘመኔ እስክሪብቶዬ ከጻፈችው ያጠነጠነችው ይበልጣል።

ጓደኛም አለ። አንዲት ዎክማን ለስድስት ጎረምሳ! ማዳመጫዋ በራስ ላይ የምትጠልቅ፣ ጆሮዋ ላይ ስፖንጅ ያላት ነበረች። ለሁለት ለመስማት ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀን አንዷን እኔ፣ አንዷን እሱ በጆሯችን እንደግፋታለን። ችግሩ ሙዚቃው በግራና በቀኝ ተከፍሎ መቀዳቱ ነው። ለእኔ ሳክስፎኑ ሲደርሰኝ ለጓደኛዬ ጊታሩ ይደርሰዋል። አንድ ዘፈን ሰማን ብለን ስንለያይ እያንዳንዳችን ግማሹን ይዘን ነው የሄድነው።

ጥቅሟስ? እንግዲህ ዘመኑን አስታውሱ። ሰዓት እላፊ ነው። ማታ ሁሉም ቤቱ ይከተታል፤ ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል ተኩል ነው። አባቴ ይተኛል፣ ታናናሾቼ ይተኛሉ፣ አያቴ ውዳሴዋን ታነበንባለች። ከዚያ በፊት ሙዚቃ ለእኔ የሌላ ሰው ምርጫ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሰቀለው ድምፅ ማጉያ የመረጠውን፣ ሬዲዮው የፈቀደውን፣ ጎረቤት ሠርግ ሲኖረው የከፈተውን ነው የምሰማው። በዎክማን ግን ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣ ማንንም ሳልቀሰቅስ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ሰማሁ። ቤዝ ጊታር የሚባል ነገር በዘፈኖቻችን ውስጥ መኖሩን ያወቅኩት ያኔ ነው። ዘፋኙ ስንኙን ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ የሰማሁትም ያኔ ነው። ለአንድ ሌሊት ያህል ክፍል ተሰጠኝ ብላችሁ ውሰዱት፤ በር ያለው ክፍል።

ይህ ሁሉ የጎረምሳ ወግ ነው። ዋናው ጉዳይ የእናቴ ነው።

እናቴ ደብዳቤ ማንበብ አትችልም ነበር። ዎክማን ቶኪዮ ላይ ለገበያ በቀረበችበት በዚያው ክረምት እኛ አገር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። እሷም እንደ ሰፈሩ እናቶች ሁሉ ቀበሌ ሄዳ ፊደል ቆጥራለች፤ የምስክር ወረቀቷ ግድግዳችን ላይ ነበር። ስሟን ትጽፋለች፣ የአውቶቡስ ቁጥር ትለያለች። የእህቴን የተጣደፈ የእጅ ጽሑፍ ግን አትዘልቀውም። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢው እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት የጎረቤት ልጅ ነበር። እህቴም ይህን ታውቃለች። እናም በደብዳቤዎቿ ሁሉ ደኅና ናት። ሥራዋ ደኅና ነው፣ አሠሪዎቿ ደኅና ናቸው፣ አየሩም ደኅና ነው። በታናሽ ወንድም አፍ የሚነበብ ደብዳቤ ላይ ሌላ ምን ይጻፋል?

በካሴት ተቀርጾ የሚመጣ ድምፅም ነበር፤ ብዙ ቤት ይመጣ ነበር። እሱም ቢሆን በትልቁ ቴፕ ነው የሚከፈተው። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሁሉም አብሮ ያለቅሳል። ደስ ይላል፣ አይካድም። ግን እዚያም እህቴ ደኅና ናት።

ከዎክማኗ ጋር አንድ ካሴት አብሮ መጥቶ ነበር። ላዩ ላይ "ለእማዬ ብቻ" ይላል። ይህንንም ያነበብኩላት እኔው ነኝ።

እናቴ ካሴቱን ለሁለት ቀን መቀነቷ ውስጥ ይዛው ዞረች። በሦስተኛው ቀን ማታ ጠጋ አለችኝና "አንተ፣ በዚች ዕቃህ ሌላ ሰው አይሰማም?" አለችኝ።

"አይሰማም እማዬ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምትሰሚው።"

ማዳመጫዋን ራሷ ላይ አደረግኩላት፤ በላዩ ነጠላዋን ተከናነበች። ፕሌይ የቱ እንደሆነ አሳየኋትና ከፊቷ ተቀመጥኩ። በእጇ ሂድ አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ አንዴ "አይ ልጄን!" ብላ ጮኸች። ማዳመጫ ያደረገ ሰው ድምፁን እንደሚያጮኸው አታውቅም ነበር። ከዚያ ዝም ብላ ረጅም ጊዜ ቆየች። ሠላሳ ደቂቃዋ አልቆ ዎክማኗ ቀጭ ብላ ስትቆም እንኳ ማዳመጫውን አላወለቀችም።

እውነቱን ልናገር? ከፋኝ። ያቺ የጃፓን ሴት የተሰማት ነገር ምን እንደነበር የዚያን ቀን ቀምሼዋለሁ። ከጊዜ በኋላ ግን ገባኝ። እናቴ በሃምሳ ዓመቷ፣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን የግል ደብዳቤ ተቀበለች። ማንም ያላነበበላትን፣ ማንም ያልሰማላትን። ብቻ መሆን ለእኔ የጎረምሳ ምቾት ነበር፤ ለእሷ ግን እስከዚያ ቀን ማንም አስቦ ያልሰጣት ነገር ነበር። ፊደል ለቆጠረ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውን መብት ለእናቴ ያመጣችላት ያቺ ድንጋይ በላ ዕቃ ናት።

ካሴቱን ደጋግማ ሰማችው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ጥፋት የሚመጣው። አንድ ማታ ዎክማኗን ስትጠይቀኝ አዲሱን ድንጋይ በራሴ ዘፈን ጨርሼው ነበር። የደከመውን ነክሼ፣ አሙቄ ሰጠኋት። ድንጋይ ሲደክም ክሩን የምትጠቀልለው ጥርስ ኃይል ታጣለች። የሚጠቀለለው ክር ይላላና ጎማው ላይ ይጠመጠማል። ካሴቱን በላችው። እናቴ አልጮኸችም። ዕቃዋን እንደታመመ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

ክሩን ስቤ አወጣሁት። አንድ ስንዝር ያህሉ እንደ ዶሮ አንጀት ተኮማትሮ፣ መሐሉ ተቆርጦ ነበር። የተኮማተረውን በምላጭ ቆርጬ አወጣሁና ጫፍና ጫፉን በስኮች አጣበቅኩት። መሥራቱን መሞከር ነበረብኝ። ማዳመጫዋን ነቀልኩና ፕሌይ ተጫንኩ፤ በትንሿ መስኮት ክሩ ሲዞር በዓይኔ ብቻ አየሁ። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ጥቂት ጨዋ ሥራዎች አንዱ እሱ ነው።

የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። አንድ ስንዝር ማለት እንግዲህ አራት ሴኮንድ ገደማ ነው። ክሩ ሁለቱንም ገጽ የተሸከመ ስለሆነ ከጀርባውም አራት ሴኮንድ ሄዷል። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሳ ስትሰማው አጠገቧ ነበርኩ። አንድ ቦታ ስትደርስ እጇን አነሳች።

"እዚች ጋ አንድ ቃል ነበረች" አለች።

"ምን የምትል?"

አየችኝ። "የእኔ ናት" አለችና መስማቷን ቀጠለች።

እናቴ በ1998 ዓ.ም. አረፈች። እህቴ ለልቅሶ ስትመጣ ካሴቱን በእጇ ሰጠኋት። እስከ ዛሬ አልሰማሁትም።

ስለዚህ "የዘመኑ ሰው ጆሮውን ደፈነ" ሲባል እንደ ድሮው ራሴን አልነቀንቅም። ተከፍቶ የኖረ ጆሮ ሁሉ የተከበረ ጆሮ አይደለም። አብሮ መስማት መልካም የሚሆነው ብቻ መስማትም ሲቻል ነው። መጨነቅ ካለብን ስለሌላ ነገር እንጨነቅ። የእናቴ ዎክማን እናቴ ምን እንደሰማች፣ ስንቴ እንደሰማች፣ የቱ ጋ እንዳቆመች ለማንም አትናገርም ነበር። መናገሪያ የላትም። የዛሬዎቹ የሙዚቃ አገልግሎቶች ግን ምን እንደሰማን፣ መቼ እንደሰማን፣ የቱ ጋ እንዳቋረጥን ይመዘግባሉ። ጆሯችን ተደፍኗል፤ ብቻችንን ግን አይደለንም። ለሞሪታ ያቺን ብርቱካናማ ቁልፍ ያሠራው ስጋት አጠገባችን ስላለው ሰው ነበር። በማናየው በኩል ስለሚሰማን ያኔ የሚያስጋ ነገር አልነበረም።

ያቺ የታክሲ ልጅ ምን ትሰማ እንደነበር አላውቅም። ዘፈን ይሆናል፣ ስብከት ይሆናል፣ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት የተላከ የእህት ድምፅም ይሆናል። ሒሳቧን ከፍላለች፤ የቀረው የእሷ ነው።