ሥጋ የከበረበት ተራራ፤ ደብረ ታቦር፣ ቡሄና ምሥጢረ ሥጋዌ

ነሐሴ 13 የሚውለውን የደብረ ታቦር በዓል ብዙዎቻችን የምናስበው ክርስቶስ መለኮታዊ ክብሩን የገለጠበት ዕለት አድርገን ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደ ፀሐይ ያበራው ፊት ሐዋርያቱ በየመንገዱ ሲደክም፣ ሲርበውና ሲጠማው ያዩት ያው ፊት ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ተዋሕዶን፣ ማለትም የመለኮትንና የሥጋን አንድ መሆን፣ ሲያስረዱ ብረት በእሳት ሲግል ብረትነቱን ሳይለቅ እሳት እንደሚሆን ይናገራሉ። በታቦር ተራራም ብርሃኑ ከሥጋ ጎን አልቆመም፣ በሥጋው አበራ እንጂ። ይህን የተቀበለ ሰው ለሌላው ብርሃን መሆንን ከእጅ፣ ከእህልና ከእግር መንገድ ለይቶ ሊያስበው አይችልም ብዬ እከራከራለሁ።

ስሟን ከዚያ ተራራ በወረሰችው በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጎንደር ደጋ ቡሄ የሚባለው ይህ በዓል የሚከበርበት ሥርዓት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ብርሃኑ በተገለጠ ጊዜ በታቦር ተራራ አካባቢ የነበሩ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ ከከብቶቻቸው ጋር ዘገዩ፤ ወላጆችም ሰግተው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። የበዓሉ ችቦና ሙልሙል ዳቦ የዚያ መታሰቢያ ነው፤ በዕለቱ የሚጮኸው ጅራፍ ደግሞ ከደመናው ለተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ተራራው ያን ያህል ካበራ ችቦው ለምን አስፈለገ? ትውፊቱ ይህን ሳያስተካክል ያለፈው ይመስላል፤ እኔ ግን ጥልቀቱ እዚያው ላይ ነው እላለሁ። በአምላክ ብርሃን ፊት የእናትና የአባት ችቦ ከንቱ አልተባለም፤ ልጁ የሚበላውም ሙልሙል ከበዓሉ ውጭ አልተጣለም። ወንጌሉም ቢሆን ሦስት ዳስ ሠርተን እዚሁ እንቅር ያለውን ጴጥሮስን ከተራራው ያወርደዋል፤ ከታች የሚጠብቃቸው የታመመ ልጅና የተጨነቀ አባት ነው።

ይህ ሁሉ የክረምት መውጫ ባህል እንጂ ነገረ መለኮት አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ወቅቱ በእርግጥ ዝናቡ የሚሳሳበት ነው፤ የእረኞቹም ታሪክ በወንጌል አልተጻፈም። ነገር ግን ቃል ሥጋ መሆኑን የሚያምን ሕዝብ እምነቱን በእህል፣ በእሳትና በወቅት ቢገልጥ ትምህርቱን በራሱ መንገድ ተረጎመው እንጂ አልበረዘውም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ክርስቶስ ብርሃን የሆነው በባሕርዩ ነውና ሰውን ብርሃን ማለት ልዩነቱን አያጠፋም ወይ? አያጠፋም፤ ሰው የሚያበራው በጸጋ፣ ከተቀበለው ነው። ለምሳሌ በጋይንት ቤተ ልሔም የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሊማር ከሩቅ የመጣ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የማርያምን ስም እየጠራ ደጅ ሲቆም ቁራሽ እንጀራ የምትሰጠው እናት ዜማውን አታውቀው ይሆናል። ትምህርቱ ግን ትውልድ የተሻገረው በእርሷም እጅ ነው፤ ያን ቁራሽ ከሊቃውንቱ ጉባኤ ለይቼ ማየት አልችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከታሪክ ነው። ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው ወይስ በቅባት፣ ማለትም በመንፈስ ቅዱስ መቀባት፣ የሚለው ጥያቄ የጎንደርንና የጎጃምን ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ከፋፍሏል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰበሰቡት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተዋሕዶ ረታ፤ ወዲያውም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። ይህ ግፍ ትምህርቱን ሐሰት አያደርገውም። አስገዳጆቹ ግን ሥጋ ከበረ ብለው በመሰከሩበት ዘመን የሰውን ሥጋ አስጨንቀዋልና በራሳቸው ትምህርት ይፈረድባቸዋል። ስለ ጉባኤው የምንጽፍ ሰዎች የክርክሩን ድል ለነገረ መለኮት፣ ግዳጁን ለፖለቲካ ታሪክ ከፍለን መስጠት ለምደናል፤ ቃል ሥጋ የሆነበት ምሥጢር፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ግን እንዲህ ያለውን ክፍፍል አይፈቅድም።