«ትንበያ» እና «ምልክት»፦ በአንጀት ካንሰር የሙያ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ የሚጻፉ የካንሰር ሕክምና ጽሑፎችን ከሚያስቸግሩ ጽንሰ ሐሳቦች አንዱ «ፕሮግኖስቲክ ማርከር» የሚባለው ነው። «የትንበያ ምልክት» ተብሎ ሲተረጐም ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስያሜ የትልቁን አንጀት ካንሰርና «ግሮውዝ ፋክተር» የሚባሉትን ፕሮቲኖች በሚመለከት ምን ያህል እንደሚያገለግል መመርመርና በሚጐድልበት ቦታ አማራጭ ማቅረብ ነው።

በቅድሚያ «ግሮውዝ ፋክተር» የሚለውን እንውሰድ። «የዕድገት ምክንያት» ቢባል ቃል በቃል ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ «ምክንያት» ረቂቅ ሐሳብ ነው፤ እዚህ የሚነገርለት ግን ከሕዋስ ወጥቶ፣ በሕዋስ ላይ ከሚገኝ ተቀባይ ጋር ተጣብቆ፣ የመባዛት ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው። ከዚህም በላይ ትምባሆና አልኮል ለዚህ ካንሰር መነሻ ምክንያቶች ተብለው ስለሚጠቀሱ፣ አንባቢው የሕዋሱን ዕድገት ምክንያት ከበሽታው ምክንያት ጋር ያምታታል። «ዕድገት አነሣሽ» ቢባል ሥራው ከስሙ ይነበባል። «ዕድገት» በልማድ በጎ ነገርን ያስታውሳል፤ «አነሣሽ» ግን ለሥራም ለጠብም የሚነገር ስለሆነ ሚዛኑን ይጠብቃል።

የየፕሮቲኖቹ መጠሪያ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስታንሊ ኮኸን ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ያወጣውን ንጥረ ነገር አዲስ ለተወለዱ ግልገሎች ሲሰጥ የዓይናቸው ቆብ ያለጊዜው ሲከፈት አየ፤ ፕሮቲኑም ከቆዳ የላይኛው ሽፋን ጋር ተያይዞ «ኤፒደርማል» ተባለ። በዚህ ሥራው ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የዚህ ፕሮቲን ተቀባይ በአንጀት ካንሰር ሕዋሳትም ላይ ይገኛል። ስለሆነም «የላይኛ ቆዳ ዕድገት አነሣሽ» ብሎ መተርጐም የግኝቱን ታሪክ ይጠብቃል፤ የአንጀት ሕመምተኛውን ግን ስለ ቆዳው እንዲጠይቅ ያደርጋል። እዚህ ላይ «ኢጂኤፍ» የሚለውን አሕጽሮት ማስቀረት ይሻላል። በአንጻሩ «ቪኢጂኤፍ» የተባለው ሥራው አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ማድረግ ስለሆነ «የደም ሥር ዕድገት አነሣሽ» ቢባል ትርጉሙ ይቃናል። እንግዲህ ሁሉንም መተርጐም ወይም ሁሉንም በባዕድ ስሙ መተው ደንብ ሊሆን አይችልም፤ እያንዳንዱ ስያሜ በሚሰጠው ግንዛቤ ይመዘን።

«ማርከር»ን «ምልክት» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል «ምልክት» የራሱ ቦታ አለው፤ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የሰውነት መክሳት፣ የሆድ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ማርከር ግን በላቦራቶሪ ካልተፈተሸ አይታወቅም። «አመልካች» የሚለው ቃል ይለየዋል። አቤቱታ አቅራቢም አመልካች መባሉ እንቅፋት አይሆንም፤ «አመልካች ጣት» እና «አመልካች ተውላጠ ስም» እያልን ሳንደናገር ኖረናልና።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ያለው ግን «ትንበያ» ላይ ነው። ሕክምናው ሁለት ጥያቄዎችን ይለያል። አንደኛው በሽታው ወዴት ያመራል፣ ያገረሻል ወይስ አያገረሽም የሚል ነው። ለዚህ ዛሬም ዋናው መለኪያ ካንሰሩ የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቋል፣ ወደ ሊምፍ ዕጢዎችስ ደርሷል ወይ የሚለው ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ከትበርት ዱክስ በ1932 እ.ኤ.አ. ደረጃ ያወጣለት ነው። የደም ሥር ዕድገት አነሣሹ መብዛትም በብዙ ጥናቶች ከበሽታው መክፋት ጋር ተያይዟል፤ ሆኖም የዘወትር ምርመራ ለመሆን አልበቃም። ሁለተኛው ጥያቄ ይህ መድኃኒት ለዚህ ሰው ይሠራል ወይ የሚል ነው። የኢጂኤፍን ተቀባይ የሚዘጋው ሴቱክሲማብ በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ ተቀባዩ በካንሰሩ ላይ መታየቱ እንደ መመዘኛ ተወስዶ ነበር። በኋላ ግን የተቀባዩ መታየት የመድኃኒቱን መሥራት እንደማያሳይ ተረጋገጠ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች ደግሞ «ኬራስ» የተባለው ዘረ መል የተለወጠባቸው ሕመምተኞች ከመድኃኒቱ ጥቅም እንደማያገኙ አሳዩ፤ እነዚህም ከመቶ 40 ያህል ናቸው።

ሁለቱም «የትንበያ ምልክት» ከተባሉ ምን ይሆናል? የኬራስ ምርመራ ውጤት «ትንበያው ጥሩ አይደለም» ተብሎ የተነገረው ሰው ሞት እንደተፈረደበት ቈጥሮ ሕክምናውን ሊተው ይችላል። ሐኪሙ ሊለው የፈለገው ግን ይህ መድኃኒት አይጠቅምህም፣ ሌላ እንሞክር ነበር። ትንበያ በሕዝቡ ጆሮ የአየር ጠባይ ነው፤ ይነገራል እንጂ አይመለስም።

ስለዚህ የመጀመሪያው «የሕመም አካሄድ አመልካች»፣ ሁለተኛው «የመድኃኒት ፍቱንነት አመልካች» እንዲባሉ አሳስባለሁ። «ፍቱን» ተፈትኖ የተመሰከረለት ማለት በመሆኑ፣ አዲስ ቃል መፍጠር ሳያስፈልግ ቋንቋው ያለውን በቦታው ማዋል ይበቃል። ስያሜዎቹ ረዘም ማለታቸው አይካድም። ነገር ግን እጥር ብሎ ሁለት ነገር ከሚያደናግር ቃል፣ ረዝሞ አንዱን ከሌላው የሚለይ ይመረጣል፤ በተለይ ሰሚው ሕመምተኛ በሚሆንበት ጊዜ።